ባለ ቀለበቱ ጭራቅ

የጭራቅ እናት ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቃሊቲ ይምጣ። ከባቡሩ መጨረሻ ወርዶ፣ የከባድ መኪናዎቹን መቆሚያ አቋርጦ «ጠጄ ሸራ የት ናት?» ይበል። ሕፃኑም ሽማግሌውም ይነግረዋል። እሷ ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ቁጭ በል፣ ይቺን ጠርዝ ልጨርስ» ትለዋለች። ሚኒስትር ቢመጣም መልሷ ያው ነው፤ የጀመረችውን ጠርዝ ሳትጨርስ ሰላምታ እንኳ አትመልስም።

ጠጄ ጉተማ የቃሊቲ ተወላጅ ናት። አባቷ አቶ ጉተማ ጤፍና ሽንብራ ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ የብረት መጋዘን ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እያነሳ ዕድሜ ልኩን ያላዝን ነበር። እሷ «ድሮ ዝናብ አምጣልን እያልን እንለምን ነበር፣ ዛሬ ዝናብ እንዳያገኘው ጭነት እንሸፍናለን፤ ሰማይ እንደሆነ ያው ነው» ብላ ትስቃለች። ባሏ ሶሬሳ ሲያገባት የከባድ መኪና ረዳት ነበር። አንድ ክረምት በተቀደደ ሸራ ስኳር ጭነው ሲመጡ ዝናብ ገባበትና ጥፋቱ ሁሉ በሶሬሳ ላይ ተላከከ። አዲሷ ሙሽራ ነገሩ አንገበገባት። ወስፌ ተውሳ፣ ያንን እንደ ጣሪያ የከበደ ሸራ መሬት ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ዋለች። በሚቀጥለው ጉዞ ከስኳሩ አንዲት ፍሬ አልራሰችም። እንግዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ መኪና ሁሉ የጠጄን እጅ ለብሶ ሲሄድ ኖሯል።

ሙያዋ አንድ ሕግ አለው። ጠጄ የሰፋችው ሸራ ጠርዙን ዙሪያውን፣ በየስንዝሩ፣ የብረት ቀለበት ይመታበታል። በቀለበቱ ገመድ ይገባል፣ ገመዱ ሸራውን ከመኪናው ያስራል። ጭነቱ ሲረዝም ደግሞ ሁለትና ሦስት ሸራ ጎን ለጎን ይደረግና ቀለበት ከቀለበት እየተጠላለፈ አንድ ትልቅ ሸራ ይሆናል። ሹፌሮቹ ይህን «ማጋጠም» ይሉታል። ጠጄም «ቀለበት የሌለው ሸራ ቀበቶ የሌለው ሱሪ ነው፣ ንፋስ ባለበት ያዋርድሃል» ትላለች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ዘአማኑኤል የሚባል ፀጉረ ጎፍላ፣ ቀጭን ልጅ ደጃፏ መጥቶ ቆመ። «የሰማይ ስንጥቅ» የሚባል ተከታታይ ድራማ አዘጋጅ ነው። ጦርና አስማት ያለበት፣ ሰይፍ የሚያብረቀርቅበት ዓይነት ድራማ ነው፤ ለቀረጻ ብሎም ከጀርባዋ ያለውን ባዶ መጋዘን ተከራይቷል። ጠጄ ጠርዟን እስክትጨርስ እንደ ደንቡ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ጭራቅ ይሠሩልኛል?» አለ ተራው ሲደርስ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«የምሬን ነው። ኮርማሽ ይባላል፤ አሥራ ሁለት ነው የምፈልገው። ከሌላ ዓለም፣ ሰማይ ተሰንጥቆ የወረደ ፍጡር ነው። ቁመቱ ሁለት ሰው ያህላል። ቀንድ አለው። የጀርባው ቆዳ ሰፊ ነው፤ ሲሄድ አራት ሜትር መሬት ይጎትታል። ሲቆጣ ደግሞ ጉሮሮው ሥር ያለው ከረጢት ይነፋል። እርስዎ ትናንት ሸራ ሲያራግፉ አይቼ ቆዳው ይኸው አልኩ።»

ጠጄ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ምን ይበላል?»

«እ?»

«የሚበላውን ሳላውቅ ሆዱን እንዴት አድርጌ ልስፋው?»

ዘአማኑኤል ይህን አላሰበበትም ነበር። «ብረት» አለ አፉ እንዳመጣለት።

«ብረት የሚበላ ከሆነማ ሆዱ ድርብ መሆን አለበት» አለች ጠጄ። ሥራውን የያዘችው በዚያች ደቂቃ ነው።

አሁን አፍ የሚባል ነገር እንዴት ያለ ጠላት እንደሆነ ስሙ። በዚያው ሳምንት እሁድ እድር ነበር። እታገኝ፣ የጠጄ የግንብ ጎረቤት፣ ስለ ልጇ ሠርግ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታወራ ጠጄ ሰማች፣ ሰማች፣ በመጨረሻ አልቻለችም። ብድግ አለችና «እኔ ደግሞ ሥራዬ በቴሌቪዥን ሊወጣ ነው! ከሰማይ የወረደ ጭራቅ ሠርቼ አገር ላስደነግጥ ነው!» አለች።

«ሸራ የለበሰ ነገር እኔን የሚያስደነግጠኝ ቢሆን» አለች እታገኝ፣ «እዚህ የቆመው ተሳቢ ሁሉ በየቀኑ ይገድለኝ ነበር!»

እድርተኛው በሳቅ ፈረሰ። ጠጄ ደሟ ፈላ። «እንግዲያው አይቶ የሳቀ አንድ ሰው ከተገኘ ስሜን ከእድሩ መዝገብ ፋቁት!» ብላ በሰው ሁሉ ፊት ማለች። ቃሊቲ ውስጥ ከእድር ስም መፋቅ ማለት ቀባሪ ማጣት ማለት ነው። ዳኛው እንኳ «ኧረ ጠጄ፣ ነገር አታክርሪ» ብለው ነበር፤ እሷ ግን አንዴ ከርራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እታገኝ ጠዋት ጠዋት በግንቡ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ጭራቆችሽ ደህና አደሩ?» ማለትን ሥራዬ ብላ ያዘችው።

ጠጄ አምስት ወር ሠራች። ያረጀ የመኪና ሸራ ከየሹፌሩ ለቀመች፤ ፀሐይ ያነጣው፣ ዘይት የጠጣው፣ የአፋር አቧራ የገባበት ሸራ ከየትኛውም ቀለም ይልቅ ቆዳ ይመስላል። ለጉሮሮው ከረጢት ጎረቤቷ ጎሚስታ ሀይረዲን ከጎማ ውስጥ የወጣ አሮጌ ከመነዳሪ ሰጣት፣ በማስቲሽም ራሱ አጣብቆ ሲነፋው የሚያብጥ፣ ሲለቀው የሚሟሽሽ ጉሮሮ ሠራላት። ሀይረዲን ከስልጤ ከመጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ጎማ ሲነፋ ኖሮ የጭራቅ ጉሮሮ መንፋት በዕድሜው አገኘው። «ጠጄ፣ ይሄን ለቤተሰቦቼ ስነግር አእምሮውን ሳተ ይሉኛል» እያለ ሳይነግራቸው የቀረ ቀን የለም።

አሥራ ሁለቱ ኮርማሾች አልቀው መጋዘኑ ውስጥ ሲሰቀሉ ጠጄ ራቅ ብላ አየቻቸው። ወደደቻቸው። እውነቱን ለመናገር እንደ ልጅ ነው የወደደቻቸው። ዘአማኑኤል ግን የአንዱን ቆዳ ጠርዝ ገለበጠና ዓይኑ ፈጠጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ጠጄም አየች። ቀለበት ነው። የአሥራ ሁለቱም ቆዳ፣ ዙሪያውን፣ በየስንዝሩ ቀለበት ተመቶበታል። ማን መታው? ራሷ ናት። መቼ? እንጃ! ሃያ ሰባት ዓመት የለመደ እጅ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ባለቤቱን አያማክርም።

«ሲሚንቶ እንጫንበት እንዴ?» አለ አንዱ የካሜራ ልጅ። ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። ለጠጄ ያ ሳቅ ልክ የእድሩ ሳቅ ነበር።

«ያውጡት እትዬ፣ በጌታ» አለ ዘአማኑኤል። «ጭራቅ ቀለበት የለውም።»

«እሺ» አለች። እሺ አለች እንጂ አላወጣችውም። የተመታ ቀለበት ሲነቀል ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳ ያለው ሸራ ደግሞ አንድ ቀን ይተረተራል። ስለዚህ በየቀለበቱ ላይ አንዳንድ ቅርፊት ሰፋችበትና ሸፈነችው። ቅርፊቱን አይቶ ዘአማኑኤል «እንዴት ያምራል!» አለ።

ቀረጻው ሲጀመር ግን ነገሩ አልሆነም። ኮርማሾቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ በትንሿ ስክሪን የሚታየው ሸራ የለበሰ ሰው ነው። ተዋናዮቹ ሳይቀሩ ሳቃቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚዋጉት። ዘአማኑኤል ተስፋውን ሁሉ በመጨረሻው ክፍል ላይ ጣለ። እዚያ ላይ የኮርማሾቹ እናት፣ ቤት የምታክል ጭራቅ፣ ትመጣለች። እሷን ከውጭ አገር በስፖንጅ አሠርቶ አስመጥቷታል። «እናቲቱ ካስፈራች ልጆቿም ያስፈራሉ» አለ። ጠጄን ማንም አላማከራት፤ የልጆቹ ቆዳ ቢቀደድ ትሰፋለች ተብላ ብቻ ወደ ሜዳው ተወሰደች።

ሜዳው ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ነው። ወሩ ሰኔ ነው። በሰኔ ስፖንጅ ሜዳ ላይ የሚያቆም ሰው ከየት ይምጣ? የውጪዎቹ ባያውቁ አይፈረድባቸውም፣ ዘአማኑኤል ግን ያገር ልጅ ነው! ከምሳ በፊት ዝናቡ ወረደ። እናቲቱ ጠጣች፣ ጠጣች፣ ውሃ ውስጥ እንደገባ ድፎ ዳቦ ሆነች፤ አንገቷ መጀመሪያ ዘመመ፣ ከዚያ ወገቧ ተቆረጠ። ሠላሳ ሰው ድንኳን ሥር ቆሞ አየ። ሜዳው የተፈቀደው ለዚያች ቀን ብቻ ነበር። ዋናው ተዋናይ ሱፍያንም በማግስቱ ለሌላ ሥራ ይሄዳል።

ዘአማኑኤል እርጥብ ሳር ላይ ተቀመጠ። «በቃ» አለ። «ውጊያውን እንሰርዘዋለን። ሱፍያን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርና ኮርማሾቹ ያልቃሉ።»

«ምን ብዬ?» አለ ሱፍያን።

«በጉንፋን አለቁ በል።»

ጠጄ ጆሮዋን አላመነችም። «በምን?»

«እትዬ፣ ሌላ ምርጫ የለኝም።»

«ሰማይ ሰንጥቆ የወረደ፣ ብረት የሚበላ ፍጡር በጉንፋን ይሞታል? የኔዎቹ?» እድሩ ታያት። እታገኝ በሳቅ ሆዷን ይዛ፣ ዳኛው መዝገቡን ገልጠው፣ የሷን ስም ሲፈልጉ ታያት። ከዚያ እልህ መጣ። ጠጄ እልህ ከመጣባት ፈጣሪ ያውጣችሁ። «ዝናቡ ሲያባራ ስንት ሰዓት ይሆናል?»

«አሥር ሰዓት ገደማ።»

«እስከዚያ ማንም ሰው ከዚህ እንዳይሄድ» ብላ ስልኳን አወጣች። «ሶሬ፣ የት ነህ?»

«መቆሚያው ላይ፣ ጭነት እየጠበቅኩ» አለ ዛሬ ራሱ ሹፌር የሆነው ሶሬሳ።

«ከነተሳቢው ወንዙ ማዶ ና። ሀይረዲንንም ጫነው። ገመድ ያለህን ሁሉ አምጣ።»

«የምጭነው ምንድን ነው?»

«ልጆቼን።»

ሶሬሳ ሌላ አልጠየቀም። ሃያ ሰባት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው መጠየቅ የሌለበትን ሰዓት ያውቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያ ረጅም መኪና ጭቃውን እየገመሰ ደረሰ። ሥራ ፈትተው የነበሩ አምስት ሹፌሮችም «ምን ተገኘ?» ብለው ተከትለው መጥተዋል።

ጠጄ መቀሷን ይዛ በአሥራ ሁለቱ ቆዳዎች ላይ ወጣች። በደበቀችበት በኩል ቅርፊቱን ቦጨቅ፣ ቦጨቅ፣ ቦጨቅ አደረገችው። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ዘአማኑኤል አፉን ከፍቶ ያያል። «አጋጥሙ!» አለች። ይህን ቃል ለሹፌር ሁለቴ መንገር አያስፈልግም። ቀለበት ከቀለበት፣ ገመድ በገመድ፣ አንዱ ኮርማሽ ከሌላው ወገቡ ከወገቡ ተጠላለፈ። «ሳብ!» ሲሉ ይወጠራል፣ «ሳብ!» ሲሉ ይወጠራል። የተሳቢው የብረት ቅስቶች የጎድን አጥንት ሆኑ። አሥራ ሁለቱ ባለ ቀንድ ጭንቅላቶች በአዲሷ እናት ጀርባ ላይ ተደርድረው ተተከሉ። ጋቢናው ሳይቀር ተሸፈነ፤ ለሶሬሳ ስንዝር የማትሞላ ቀዳዳ ብቻ ተተወችለት። ሀይረዲን ደግሞ አሥራ ሁለቱን ጉሮሮ ሁሉ ከፊት አምጥቶ ከመኪናው የፍሬን ንፋስ ጋር በቱቦ አገናኛቸው።

«ጠጄ፣ ምንም አይታየኝም!» አለ ሶሬሳ ከውስጥ።

«ሀይረዲን በስልክ ይመራሃል። አንተ ብቻ ቀስ በል። ሰው እንዳትገጭብኝ!»

ዝናቡ አባራ። ከደመናው ሥር የወጣች የአሥር ሰዓት ፀሐይ ሜዳውን ቢጫ አደረገችው። ሱፍያን ጦሩን ይዞ መሃል ሜዳ ቆመ። መቆምና አለመንቀሳቀስ፣ ጭራቋ ስትቀርብ ጦሩን ማንሳት ነው የተነገረው። ዘአማኑኤል ጀምሩ ብሎ እጁን ጣለ፤ ካሜራው መቅረጽ ጀመረ።

መጀመሪያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ወጣች። ቆዳዋ ጭቃ ይጎትታል፣ ጎኗ በንፋስ ይተነፍሳል፣ አሥራ ሁለት ራስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ሀይረዲን ንፋሱን ለቀቀው፤ ጉሮሮዎቹ ባንድ ጊዜ አበጡ። ሶሬሳ በዚያ ላይ ክላክሱን ረገጠው። ያ የጅቡቲ ክላክስ በበረሃ ግመል የሚበትን ነው፤ በዚያ ሸራ ሥር ታፍኖ ሲወጣ ግን ክላክስ አልነበረም፣ ሌላ ነገር ነበር። የወንዙ ወፎች ሁሉ ተነሡ።

ሱፍያን ጦሩን ጥሎ ሮጠ። ተዋናይ ነው፣ ስሙ የተጠራ ነው፣ ግን ሮጠ። ሠላሳ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ሥራው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ቆመ፣ ዞረ፣ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰና ጦሩን አነሳ። ዘአማኑኤል «ቁረጥ» አላለም።

ያኔ ንፋስ መጣ። ከወንዙ በኩል ብድግ ብሎ የጭራቋን ጎን መታና ሸራውን ወደ ላይ አነሳው። ጎማው ከታየ፣ «ሳቅ» የሚሉት ነገር ይመጣል፣ ሁሉም ነገር አበቃ። ገመዱ ተወጠረ፣ ጮኸ። ቀለበቶቹ ግን ያዙ። አንዲትም አልተነቀለችም። ንፋሱ አልፎ ሲሄድ ቆዳው መልሶ ተኛ፤ ከሩቅ ላየው ሰው ጭራቋ ተቆጥታ ክንፏን ዘርግታ የሰበሰበች ይመስል ነበር።

ሲያልቅ ሲሚንቶ እንጫንበት ያለው የካሜራ ልጅ ካሜራውን አቅፎ ቆሟል። ዘአማኑኤል ወደ ጠጄ መጣ።

«እትዬ፣ ቀለበቱን ያውጡ ብዬዎት ነበር።»

«ብለኸኛል።»

«አላወጡትም።»

«አላወጣሁም።»

እጇን ይዞ በሁለት በኩል ሳማት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በዚያው ሳምንት ታሪኩን መልሶ ጻፈ። እንግዲህ በ«የሰማይ ስንጥቅ» ውስጥ ኮርማሽ ብቻውን ሲሆን ደካማ ነው፤ ሲከበብ ግን ቆዳውን ከወንድሙ ቆዳ ጋር ያጋጥማል፣ አንድ እናት ይሆናል። ብቻቸውን ሲሄዱ የሚያስቁት እንኳ አሁን ለታሪኩ ሆነ፤ ንቆ የሚስቅ ሰው መጨረሻውን ስለማያውቅ ነው። ጉንፋን የሚባል ነገር ከወረቀቱ ጠፋ።

የመጨረሻው ክፍል የታየው በጥቅምት፣ የእድሩ እሁድ ላይ ነው፤ እድሩም ፍርዱን ለዚያ ቀን አቆይቶ ነበር። የእድሩ ግቢ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፣ አግዳሚዎቹ ሞሉ፣ ሕፃናቱ ከፊት መሬት ላይ ተደረደሩ። እታገኝ ቆሎዋን ይዛ ከጠጄ አጠገብ ተሰየመች። «ሆዴን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት» አለች፣ «የምስቅበትን።» ዳኛው መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ለቀልድ ይሁን ለምር ማንም አላወቀም።

ሱፍያን ሜዳው ላይ ቆመ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዛፎቹ ተከፈቱ።

ሕፃናቱ እየተንፏቀቁ ወደ ኋላ መጡ። ቱቦውን በገዛ እጁ ያገናኘው ሀይረዲን፣ ጉሮሮውን በገዛ ንፋሱ የነፋው ሀይረዲን፣ «ያ አላህ!» ብሎ ከአግዳሚው ተነሣ። ያ ድምፅ ሲወጣ የእታገኝ ቆሎ ሰማይ ደረሰ። የጠጄን ክንድ በሁለት እጇ ጨምቃ ፊቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። «ጠጄ! ኧረ በማርያም፣ በቃ በይው! አስቁሚው!»

ጠጄ ክንዷ ላይ የተጣበቀችውን ጎረቤቷን አየች። በግቢው ዙሪያ የፈዘዙትን ፊቶች ሁሉ አየች። አንድም የሳቀ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማት፤ ከሆዷ ጀምሮ ሳቅ መጣባት። ሳቀች። አፏን ብትይዘው እንባዋ መጣ፣ ብትተወው ሳቁ ባሰ።

እታገኝ ፊቷን ከትከሻዋ ላይ አነሣች። ቀስ ብሎ ገባት። «ሳቀች!» ብላ ጮኸች። «ጎበዝ፣ ምስክር ሁኑ፣ ራሷ ሳቀች! አይቶ የሳቀ ከተገኘ ስሜን ፋቁ ብላ ምላለች! ይፋቅ!»

«ይፋቅ!» አለ ግቢው ሁሉ፣ አሁን በሳቅና በጭብጨባ እየተናጠ። ዳኛው የምራቸውን መዝገቡን ገለጡ፣ እስክሪብቶ ፈለጉ።

ጠጄ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ብድግ አለች። «ፋቁት አባቴ፣ ፋቁት» አለች። «ሲፍቁት ግን ቦታውን ባዶ እንዳይተዉት። የጭራቅ እናት ብለው ይጻፉበት።»